ስለት ያልፋል፣ እጀታ ይቀራል

በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሰንጢ ተቀምጧል። ሲዘረጋ ከስንዝር እምብዛም አይበልጥም፤ ሲታጠፍ ደግሞ በመዳፍ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል። እጀታው አሉሚኒየም ነው። አባቴ እንደሚለው ድሮ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር፤ እኔ ካወቅሁት ወዲህ ግን መልኩ ዝናም ያረገዘ ደመና ይመስላል። ስለቱ ሦስተኛው ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ተስለው ተስለው መርፌ ካከሉ በኋላ ተጥለዋል። እጀታው ግን ያው የጥንቱ ነው።

«ስለ ሰንጢ እጀታ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ነገር ግን የትልልቁን ነገር ታሪክ፣ የዙፋኑንና የጦርነቱን፣ የሚጽፉልን ሞልተዋል። የትንንሹ ነገር ታሪክ ጸሐፊ አጥቶ በየኪሱና በየጓዳው ተረስቶ ይቀራል። ይህ የእኔ ሰንጢ ደግሞ ከቁመቱ በላይ የሆነ የሰው ታሪክ ተሸክሟል። ያን ታሪክ ለመናገር ከወላይታ ሶዶ መጀመር ግድ ይላል።

አባቴ መምህር ነበር። ሰንጢውን የገዛው በ1971 ዓ.ም. ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ ከመርካቶ ነው። የት አገር እንደተሠራ የሚናገረው ጽሑፍ እኔ ማንበብ ሳልጀምር ጠፍቷል። አባቴ እርሳስ ይቀርጽበታል፣ ሸንኮራ ይልጥበታል፣ ፖስታ ይከፍትበታል፣ ሥጋ ሲገኝም ሥጋ ይቆርጥበታል። አንድ መሣሪያ ለአራት ሥራ ሲውል ቶሎ ያልቃል። የሰንጢውን አስተላለቅ ሳስብ ግን ሁሌ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ብረት ነኝ ያለው ስለት ሲያልቅ፣ ለስላሳው አሉሚኒየም አላለቀም።

* * *

ሶዶ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በዳሞታ ተራራ እግር ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ዛሬ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች፤ ክልሉ የተመሠረተው በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ በነበርኩበት በ1990 ዓ.ም. ግን ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን እንኳ አልነበረም። ዋና ከተማው አርባ ምንጭ በሆነው በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ነበር። ራሱን ችሎ ዞን የሆነው በ1993 ዓ.ም. ነው።

ወላይታን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ የወላይታን ጥሬ ሥጋ ያውቃል። በአዲስ አበባ «የወላይታ» የሚለውን ቃል በበራቸው ላይ የጻፉ ሥጋ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ሥጋው ከዳጣ ጋር ይቀርባል። ዳጣ ቃሪያው ከነቅመማ ቅመሙ ተፈጭቶ የሚዘጋጅ፣ ዓይን የሚያስለቅስና ሆድ የሚከፍት ማባያ ነው። በዚህ ገበታ ላይ ሹካ ሥራ የለውም፤ ጌታው ቢላ ነው። ስለቱ የደነዘ ቢላ ያቀረበ ባለቤት፣ ሥጋው የቱንም ያህል ቢሰባ፣ ከእንግዶቹ ምስጋና አያገኝም።

የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ በመስከረም ሲመጣ ደግሞ የቢላው ነገር ከፍ ይላል። አባወራዎች ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም ላይ እያጠራቀሙ፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተባብረው በሬ ይገዛሉ። ሴቶቹ በበኩላቸው ለቅቤ ያጠራቅማሉ። በሬው ይታረዳል፤ ብልቱ በመደብ በመደብ ይዘረጋል፤ የማንም ድርሻ ከማንም ድርሻ እንዳይበልጥ ዓይን ሁሉ ይመዝናል። በዚያ ሰሞን በወላይታ ምድር ሥራ የፈታ ቢላ አይገኝም። ቢላው እንግዲህ የወጥ ቤት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስተካክል የማኅበር ዕቃ ነው።

ታዲያ ይህን ቢላ የሠራው ሰው ማን ነው? በዚያ ክፍፍል ላይስ ተቀምጧል ወይ?

* * *

በወላይታ ነባር የኅብረተሰብ አደረጃጀት ባለ እጆች በሦስት ተለይተው ይታወቃሉ። ብረት የሚቀጠቅጡት ወጋቼ፣ ሸክላ የሚሠሩት ጪናሻ፣ ቆዳ የሚፍቁት ደገላ ይባላሉ። ገበሬው ያለ እነርሱ መኖር አይችልም። ማረሻው፣ ማጭዱና ቢላው ከወጋቼ እጅ ይመጣሉ፤ ውኃ የሚቀዳበት እንስራ ከጪናሻ፤ የሚተኛበት ቁርበት ከደገላ። ይሁንና ገበሬው ልጁን አይድርላቸውም፤ ልጃቸውንም ለልጁ አያጭም። በአንድ ገበታ አይቆርስም፤ በአንድ ዋንጫ አይጠጣም። ዕቃቸው ቤቱ ይገባል፤ እነርሱ ግን ከደጅ ይቆማሉ። ስለዚህ ለጥያቄዬ መልሱ አጭር ነው። ቢላው ለክፍፍሉ ተጠርቷል፤ ቢላ ሠሪው አልተጠራም።

ይህ በወላይታ ብቻ የታየ ነውር እንዳይመስል መናገር ይገባል። በጋሞም፣ በዳውሮም፣ በካፋም መልኩን እየለወጠ ይገኛል። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2001 ያዘጋጁት ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የተገፉ የእጅ ባለሙያዎች የሚናገር መጽሐፍ፣ ነገሩን ከሕዝብ ወደ ሕዝብ እየተዘዋወረ ያሳያል። ወደ ሰሜን ብንወጣም አፋችንን ሞልተን የምንናገርበት ምክንያት የለንም። «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ»፣ «ጅብ ሆኖ ያድራል» የሚሉት ቃላት የማን ፈጠራ ናቸው? ማረሻችንን ለሠራልን ሰው የሰጠነው የደመወዝ ጭማሪ እነዚህ ነበሩ።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ብረት ራሱ በወላይታ የነበረው ክብር ነው። በነገሥታቱ ዘመን ማርጯ የሚባል የብረት ገንዘብ በገበያ ይሠራ ነበር። ብረቱ ገንዘብ ሆኖ ሲከበር፣ ከእሳት ያወጣው እጅ ይናቅ ነበር ማለት ነው። በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ በዘመቱ ጊዜም፣ ያን ዘመቻ አብሮ ተጉዞ ያየውና እ.ኤ.አ. በ1896 መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም እንደመሰከረው፣ እልቂቱ ብርቱ ነበር። የወላይታ ተዋጊ ጠመንጃን የመከተው በጦር ነበር። የዚያን ጦር ጫፍ ማን ቀጠቀጠው? ስለ ካዎ ጦና ጀግንነት ብዙ ተብሏል፤ ይባልም። ጦሩን የሠሩትን ግን ታሪክ ጸሐፊው ከደጅ አቁሟቸዋል።

ከዚያ ዘመቻ አሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ እኒሁ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። በአውሮፓ ጥበብ የተማረኩት ንጉሥ፣ ሠራተኛው በተሰደበበት አገር ጥበብ እንደማይበረክት ገብቷቸው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ፣ በደቡብ ከባለ እጆቹም መሬት ያገኙ አሉ። በ1987 ዓ.ም.፣ ከካዎ ጦና ጦርነት ልክ መቶ ዓመት በኋላ፣ ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደነገገ። ሦስት መንግሥታት፣ ሦስት አዋጆች። አዋጅ ግን በአደባባይ ይነገራል፤ ንቀት የሚኖረው በጓዳ ነው። ወደ ጓዳው ኋላ እመለስበታለሁ።

* * *

አሁን ወደ እጀታው እንምጣ። የአገራችን ቢላ እጀታ ከጥንት ጀምሮ ከእንጨትና ከቀንድ ሲሠራ ኖሯል። ሁለቱም ለእጅ ይመቻሉ፤ በብርድ አይቀዘቅዙም፤ በላብ አይንሸራተቱም። ሁለቱም ግን ቀድሞ ሕይወት የነበራቸው ነገሮች ናቸውና እንደ ሕያው ነገር ያረጃሉ። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህ መካከል የስለቱ ሥር ይላላል። ቀንድ ይሰነጠቃል፤ ነቀዝም ይበላዋል። የቀንድ እጀታ ያለው ቢላ ለዓመታት ጣራ ሥር ሰክቶ የረሳ ሰው ሲያወርደው ወንፊት ሆኖ ያገኘዋል።

አሉሚኒየም ከእነዚህ ጋር ሲተያይ የትናንት ልጅ ነው። ብረት ሺህ ዓመታትን ሲያስቆጥር፣ አሉሚኒየም ለብቻው ተለይቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1825 በዴንማርካዊው ኧርስቴድ እጅ ነው። አፈር ውስጥ እንደ ልብ ሞልቶ ሳለ ከአፈሩ ማላቀቁ እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ለብዙ ዘመን ከከበሩ ማዕድናት ጋር ተቆጥሮ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1886 አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል አሉሚኒየም የሚወጣበትን ዘዴ አገኙ። ዓመቱ አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወደቀ፤ የነገሥታት ጌጥ የነበረው ብረት ድስት ሆነ።

ወደ እኛ አገር ከገባባቸው መንገዶች አንዱ የጦር ሠራዊት ስንቅ ነው። የኢጣሊያ ወታደር ምግቡን የሚበላበት ጋቬታ አሉሚኒየም ነበር። ሶዶን ኢጣሊያኖች ከ1929 ዓ.ም. አንሥቶ ይዘዋት ቆይተው፣ በግንቦት ወር 1933 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ለመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች እጃቸውን ሰጡ። የተሸነፈ ጦር ከኋላው የሚተወው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብረት ድስቱ፣ ማንቆርቆሪያው፣ ጭልፋው በየቤቱ ገባ። ሲያረጅም አይጣልም። በአዲስ አበባ «ቁራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ልጅ ይሰበስበዋል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ ቀልጦ ሌላ ድስት ሆኖ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ለባለ እጁ ትልቅ ለውጥ የሆነ አንድ ቁም ነገር አለ። ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የገጠሩ ወናፍና ከሰል እዚያ አያደርሱም። ስለዚህ አንጥረኛችን ብረትን አግሎ ይቀጠቅጠዋል እንጂ እንደ ውኃ አያፈስሰውም። አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ያው ወናፍ፣ ያው ከሰል ይበቃዋል። አሮጌ የመኪና ፒስተን ወይም የተቀደደ ድስት አቅልጦ፣ በእርጥብ አሸዋ ላይ በተቀረጸ ቅርጽ ውስጥ ሲያፈስሰው፣ የፈለገው መልክ ይወጣለታል። «ቀጥቃጭ» ሲባል የኖረው ሰው፣ ስድቡ ሳይለወጥ፣ ሙያው ማፍሰስን ጨመረ።

* * *

የአሉሚኒየም እጀታ እንግዲህ ምን ያህል ይቆያል? ይህን ጥያቄ ለብዙ ሰው አቅርቤ ነበር። መልሱ እንደ ጠላቱ ይለያያል።

ዝገት ጠላቱ አይደለም። አሉሚኒየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ወዲያውኑ ቀጭን ልብስ ይለብሳል። ልብሱ ዓይን የማያየው ስስ ነው፤ ጥንካሬው ግን ያስገርማል። ያቁትና ሰንፔር የሚባሉት ዕንቁዎች የተሠሩት ከዚሁ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን ውሕደት ነው። ልብሱ ሲቧጨር በቅጽበት ሌላ ይተካል። የፋብሪካ ሰዎች ይህን ልብስ በኤሌክትሪክ ኃይል ያወፍሩታል። ስዊዘርላንድ ለወታደሮቿ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ያደለችው ሰንጢ እጀታው እንዲህ የለበሰ አሉሚኒየም ነበር። እስከ 2008 ድረስ፣ ለ47 ዓመታት መሆኑ ነው፣ ሳይለወጥ አገልግሏል። ለወታደር የሚሰጥ ዕቃ የሚወድቅ፣ የሚረገጥ፣ ጭቃ ውስጥ የሚያድር ዕቃ ነውና ይህ ቀላል ምስክርነት አይደለም።

የመጀመሪያው ጠላቱ ውድቀት ነው። ከፋብሪካ በኃይል ተጨፍልቆ የወጣ አሉሚኒየም ቢወድቅ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ከፒስተን ቀልጦ በአሸዋ የፈሰሰው ግን ሌላ ነው። ውስጡ የአየር ቀዳዳ ይቀርበታል፤ ፒስተኑም ሲሊከን የተቀላቀለበት በመሆኑ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው። ድንጋይ ላይ ሲወድቅ እንደ ሸክላ የሚሰነጠቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ባለሙያው ወፈር አድርጎ ያፈስሰዋል።

ሁለተኛው ጠላቱ የገዛ ጓደኛው ነው። ሰንጢ ከቢላ የሚለየው በመታጠፉ ነው። ስለቱ የሚዞርባት መርፌ ብረት ናት፤ የምትዞርበት ቀዳዳ ደግሞ ለስላሳው አሉሚኒየም። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ብረቷ ቀዳዳውን ትበላዋለች። ክብ የነበረው እንቁላል ይመስላል፤ ስለቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ላብና ጨው ሲጨመርበት ይብስበታል፤ ሁለቱ ብረቶች በእርጥብ ጨው ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል። እንግዲህ ሰንጢ አረጀ የሚባለው እጀታው አልቆ አይደለም፤ ከስለቱ ጋር የተገናኘባት አንዲት ነጥብ ሰፍታ ነው።

ሦስተኛው ጠላቱ አመድ ነው። ብረት ዕቃ በአመድ ሲፈተግ ያምርበታል። አሉሚኒየም ግን ያን ዕንቁ የመሰለ ልብሱን አመድ ይገፍፈዋል። በተፈተገ ቁጥር ይደበዝዛል፤ ገጹ እየሻከረ መልኩ እየጠቆረ ይሄዳል።

ከእነዚህ ሌላ ወላይታ ላይ ብቻ የሚታወቅ አንድ ጉድለትም አለው። በጊፋታ ሰሞን እጅ ሁሉ ቅቤ ነው። የለሰለሰ አሉሚኒየምና ቅቤ የነካው መዳፍ አይስማሙም። ለዚህ ነው የሶዶ ባለሙያ ከእጀታው ጎን በሞረድ ተሻጋሪ መስመሮችን የሚያወጣለት። ጌጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ጣት አዳኝ ነው።

* * *

ወደ ጓዳው እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. የአባቴ ሰንጢ የመጀመሪያው ስለት አለቀ፤ ቀዳዳውም ሰፋ። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚኖር አንድ ወጋቼ ላከኝ። እናቴ እስከ በር ሸኘችኝና «እዚያ ቤት እንዳትበላ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በዚያ ዕድሜዬ ሳይነገረኝ የማውቀው ብዙ ነገር ነበር።

ሰውየው በሣር ዳስ ሥር ወናፉን አጠገቡ አድርጎ ተቀምጧል። የአባቴ እኩያ ነው። ሰንጢውን አገላብጦ አየ፤ ስለቱን ይዞ ወዘወዘው። ከአሮጌ መጋዝ ቁራጭ አወጣና ለስለት አዘጋጀው። ከዚያ አንድ የጥይት ቀለህ አነሣ። ከቀለሁ ላይ ቀጭን ነሐስ ቆርጦ እንደ ቀለበት ጠቀለለው። የእጀታውን ቀዳዳ በመጠኑ አስፍቶ ነሐሱን አስገባበት፤ በነሐሱ ውስጥ ደግሞ መርፌዋን አሳለፈ። ያኔ ምን እያደረገ እንደሆነ አልገባኝም። ዛሬ ሳስበው፣ ብረቷ አሉሚኒየሙን እንዳትበላ መካከላቸው ሽማግሌ ማስቀመጡ ነበር።

«ለአባትህ ንገራቸው» አለኝ፣ «ብረቱ ያልቃል። ይኸኛው ግን አያልቅም። የሚያልቀው ቀዳዳው ነበር፤ እሱም አሁን አያልቅም።»

«ጨረስክ?» አልኩት።

አንባቢያን ይህችን ቃል ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ጎረቤታችን የነበረውን ዘበኛ «ጋሼ» እል ነበር። ባለ ሱቁን «ጋሼ» እል ነበር። ሰካራሙን ጡረተኛ እንኳ «ጨረሱ?» እንጂ «ጨረስክ?» ብለው አባቴ በኩርኩም ያቀምሰኝ ነበር። ይህን ሰው «አንተ» በለው ብሎ ያስተማረኝ ማንም የለም፤ ግን አልኩት። እርሱ ደግሞ እኩያውን፣ አባቴን፣ «ንገራቸው» አለ። በዚያች ዳስ ሥር ከእጅ ወደ እጅ ሰንጢ ስንቀባበል፣ ማን ከላይ ማን ከታች እንደሆነ ቋንቋው ራሱ ይናገር ነበር።

ሚስቱ የተቀቀለ ቦይና በቅጠል አድርጋ አቀረበችልኝ። ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ነበር የወጣሁት፤ ሽታው ምራቄን አስዋጠኝ። «ጠግቤአለሁ» አልኳት። ሴትየዋ አልለመነችኝም። ልመናው ምንም እንደማያመጣ የምታውቅ ይመስለኛል። ቅጠሉን መልሳ አነሣችው።

ቤት ስደርስ እናቴ ሰንጢውን ከእጄ ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች። አመድ በጭድ አድርጋ እጀታውን ደጋግማ ፈተገችው፤ ስለቱንም ጭምር። «ለምን?» ስላት «ለንጽሕና ነው» አለችኝ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለተኛው ስለት አልቆ በዚያው ሰው እጅ በተቀየረ ጊዜም እንዲሁ አደረገች። በመካከሉም ለመሳልና ለማጥበቅ እዚያ ቤት ደርሶ በተመለሰ ቁጥር እንዲሁ። እናቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ለማኝ ከደጇ ባዶ እጁን አይሄድም ነበር። ከእናቷ የወረሰችውን አደረገች፤ እኔም ከእርሷ ልወርስ ስል ጊዜ ሌላ መንገድ አሳየኝ።

* * *

ባለፈው ጊፋታ ሶዶ ሄድኩ። ሰንጢውን ይዤ ነበር፤ አባቴ «ካንተ ይሁን» ብሎ ከሰጠኝ ቆይቷል።

ሰውየው በሕይወት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ወናፉ ቆሟል። ልጃቸው ሶዶ ከተማ ውስጥ የብየዳና የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሥራ አለው። አዳዲሶቹ ሕንፃዎች የሚያብለጨልጩት በእርሱና በመሰሎቹ እጅ ነው። ደንበኞቹ አብረውት ምሳ ይበላሉ፤ የአባቱን ሙያ የሚጠይቀው የለም። ስለ ትዳር ስጠይቀው ግን ሳቅ አለና ወሬውን ወደ አሉሚኒየም ዋጋ መለሰው። እኔም አልገፋሁበትም።

ከቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሙቿ ቀረበ፤ ቅቤው ከላዩ ቀልጦ። ሥጋም ነበር። በላሁ። ይህን የምጽፈው እንደ ጀብዱ እንዲቆጠርልኝ አይደለም፤ በሃያ ሰባት ዓመት የዘገየ ምሳ ጀብዱ ሊሆን አይችልም። ሥጋውን የቆረጥኩት በሰንጢው ነው።

«ጋሼ፣ ያውቁታል?» ብዬ እጃቸው ላይ አኖርኩት።

በዓይናቸው ሳይሆን በአውራ ጣታቸው ነበር ያዩት። እጀታውን ዳሰሱ፣ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ።

«የመምህሩ ነው» አሉ። «አንተ ልጃቸው ነህ።» ከዚያም ስለቱን ይዘው ወዘወዙት፤ አልተወዛወዘም። «ነሐሱ ገና ነው።»

ጣታቸው ወደ እጀታው ገጽ ተመለሰ። ሻካራው ላይ ቆየ።

«ይህን በአመድ ያሸው ማን ነው? አሉሚኒየም አመድ አይወድም። እኔ ዘንድ በመጣ ቁጥር አሰማምሬ እሰደው ነበር፤ በመጣ ቁጥር ደብዝዞ ይመጣል።»

ላብ አጠመቀኝ። ውሸት መናገር ይቻል ነበር። «እናቴ ነበረች» አልኩ።

ዝም አሉ። ልጃቸው ቀና ብሎ አየኝ። ቡና የምታፈላው ልጅም ረከቦቱ ላይ እንዳቀረቀረች ቀረች።

«ያን ጊዜ ዕቃ የሚታጠበው በአመድ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ኦሞ የት ነበርና?»

ያወቁ ይሁን ያላወቁ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። ሰንጢውን አጠፉና፣ እጀታው ወደ እኔ እንዲሆን አድርገው መለሱልኝ።